የወንዛዬ ወሬና የፈንታነሽ ሽሮ

ወንዛዬ፣ የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ከማል፣

እንዴት ሰነበትክ? ቤተሰቡ፣ ሱቁ፣ ጾሙስ እንዴት ይዞሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በሾፌሩ በዓለምነው እጅ የላክኸው ወረቀት ደርሶኛል። ስልኬ ለምን እንደማይነሳ ጠይቀሃል። ስልኬ ፍል ውሃ ገብቷል። የመጣሁ ዕለት ልብሴን ሳወልቅ ከኪሴ ሾልኮ ገባና ከእኔ ቀድሞ ታጠበ። አንድ ጎልማሳ በዱላ ፈልጎ አወጣልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ትንፍሽ አላለም። ቢሠራስ እዚህ ኔትወርክ የታለና! ዓለምነው ሐሙሲት ላይ ለሚያውቀው ባለሱቅ ይተውልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ገበያተኛ ያመጣልኛል። መልሱንም በዚያው መንገድ እልክልሃለሁ።

ጉልበቴን ጠይቀሃል። ውሃው ውስጥ እስካለሁ የጎረምሳ ጉልበት ነው፤ ስወጣ ያው የጡረተኛ ነው። የሚያውቁ ሰዎች እስከ ጾሙ እኩሌታ፣ እስከ ደብረ ዘይት እሑድ ሳላቋርጥ እንድገባ መክረውኛል፤ እሺ ብያለሁ።

የከበደኝ ሌላ ነው። በሶና ቆሎ ሰለቸኝ። መቼም በፍስክ ያንተ ሥጋ ላንተ፣ የእኔም ለእኔ ነው፤ እኔና አንተ ከአንድ ሳህን የምንጎርሰው በጾም ብቻ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ረመዳኑና ሑዳዴው ገጥመው አንተም እኔም ጿሚ በሆንበት ጊዜ እኔ እዚህ ውሃ ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ። መግሪብ ሲል ከፈንታነሽ ቤት ሽሮ እያስመጣህ እንደምታፈጥር አውቃለሁ። ይብላኝ ለእኔ!

ሲመሽ ከታጣቢው ጋር እንጫወታለን። አስተማሪነት መቼ ይለቃል፤ መሬት ላይ በእንጨት ካርታ እየሣልኩ ስለ ደብረ ታቦር እነግራቸዋለሁ። "ይሄ የኢየሱስ ደብር ነው፤ እዚህ ወጥታችሁ ጉናን እዩ። ከዚህ ወደ ጋፋት ትሄዳላችሁ። ስትመለሱ እርቧችኋል፤ ፈንታነሽ ቤት ግቡና ሽሮ እዘዙ" እላለሁ። ሽሮው ምን ይመስላል ሲሉኝ፣ "በሑዳዴ ቅቤ የበላችሁ ነው የሚመስላችሁ! እኔ ራሴ ስንት ዓመት በልቼ ቅቤ የለበትም ብላችሁ ብትምሉልኝ አላምንም" አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ። ወይዘሮ ብዙነሽ የሚባሉ ከአንበሳሜ የመጡ የቅቤ ነጋዴ ብቻ አልሳቁም። በጾም ስለ ቅቤ ሲወራ ገበያቸው ትዝ ብሏቸው ይሆናል።

ወንበሬን ጠብቅልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ቤት ወንበር ማግኘት ጭንቅ መሆኑን ታውቃለህ። ፈንታነሽን ሰላም በልልኝ።

አያሌው

———

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

መምህር አያሌው፣

እንዴት ነህልኝ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የስልክህን ነገር ለቤተሰቡ አነበብኩላቸውና እስከ ሱሑር ሲስቁ አደሩ።

ከወንዛዬ ካርታ ሥለህ የላክሃቸው ሰዎች መጥተዋል። ሱቄ ድረስ ጠይቀው ደርሰው "መምህሩ ወደ አንተ ልኮን ነው" አሉኝ። እኔ ዘይትና ቅመም ነጋዴ ነኝ፤ ባንተ ምክንያት አስጎብኚ ሆንኩ። ኢየሱስ ደብር ወሰድኳቸውና እኔ በር ላይ ቆሜ እነሱ ተሳልመው ወጡ። ጉና ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፤ ደስ አላቸው። ጋፋት ስንደርስ ግን "መድፉ የታለ?" አሉኝ። መድፉ እዚህ ተሠራ እንጂ ያለው መቅደላ ነው ብላቸው አኮረፉ። በጾም አፌ ስንቱን ላስረዳ! ለሌላ ጊዜ ካርታህ ላይ ይህን ጨምርበት።

ፈንታነሽ ቤት አልገቡም። መሽቶባቸው ነው መሰል።

ስትሄድ አደራ ያልከኝን ዘይት ለእህትህ አድርሻለሁ። ቤትህን ቆልፌዋለሁ፤ ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። ፈንታነሽም ደህና ናት፤ ሰላምታህን ነግሬያታለሁ። ስለ ወንበርህ አታስብ፤ ወንበር ሞልቷል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያቺን የቅቤ ቀልድህን ለስንት ሰው ነው ያወራሃት? እንዲያው ለጨዋታ ነው።

ከማል

———

ወንዛዬ፣ የካቲት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ከማል፣

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ መድፉ ሙሉ አንቀጽ ጽፈሃል፤ ስለ ፈንታነሽ ግን "ደህና ናት" ብለህ አለፍክ። "ወንበር ሞልቷል" ማለትስ ምን ማለት ነው? በሑዳዴ፣ በፈንታነሽ ቤት፣ ወንበር ሞልቷል! ከመጋዘን ሠራተኛ እስከ ባንክ ሥራ አስኪያጅ ቆሞ ተራ የሚጠብቅበት ቤት እኮ ነው። ታማለች? ቤቱ ተዘግቷል? ባለቤቱ ኪራይ ጨምሮባታል?

እነዚያ ሰዎችም መሽቶባቸው አይደለም። ካርታ ሥዬ፣ ሽሮውን ስገልጽላቸው ምራቃቸውን ሲውጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ለእሷ ሽሮ ሲሉ ነው ከመንገዳቸው የወጡት። በሯ ድረስ ደርሰው የተመለሱበት ምክንያት አለ፤ አንተም ታውቀዋለህ።

የቅቤዋን ቀልድ ለስንት ሰው እንዳወራሁ ጠይቀኸኛል። ለመጣው ሁሉ ነው ያወራሁት። እዚህ ሰው ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይሄዳል፤ ከፎገራውም ከደራውም ከእስቴውም አለ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ነባሮቹ "መምህር፣ ያቺን የሽሮ ጨዋታ" ይሉኛል። እኔም አላሳፍራቸውም። ለፈንታነሽ ገበያ የማመጣላት መስሎኝ ነዋ!

እባክህ ከማል፣ የሆነውን ጻፍልኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ ስገምት ውሃውም አልተስማማኝም። ዛሬ ጭራሽ አልገባሁም።

አያሌው

———

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

አያሌው፣

ውሃህን ጨርሰህ እስክትመጣ ልደብቅህ አስቤ ነበር፤ አፉ በለኝ። ካልገባህማ መደበቄ ምን ጠቀመ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት "ፈንታነሽ በሑዳዴ ሽሮ ላይ ቅቤ ትጨምራለች" የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። ከየት መጣ ሲባል፣ ከወንዛዬ። ማን አለ ሲባል፣ "የደብረ ታቦር ሰው ነው፤ መምህር ነው፤ ስንት ዓመት የበላበት ሰው በገዛ አፉ ነው የተናገረው።" አብረውህ የሚታጠቡ አንዲት የቅቤ ነጋዴም "ሰውየው ቅቤ ነው ካለ ቅቤ ነው" ብለዋል አሉ። ከቅቤ ነጋዴ በላይ ማን ይታመን?

ማንም ፊት ለፊት አልተሳደበም፣ ድንጋይም አልተወረወረም። ሰው መምጣት አቆመ፤ በቃ ይኸው ነው። መምህራኑ ቀሩ። የመናኸሪያ ሾፌሮች ከዓለምነው በቀር ቀሩ። የንስሐ አባቷ አስጠርተው ጠየቋት፤ ማለችላቸው፤ አመኗት። ግን እሳቸው በየሰው ቤት እየዞሩ አይናገሩላት ነገር።

ሑዳዴ ለእሷ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። የዓመቱን ኪራይ የምትችለው በዚህ ወቅት ነው። ጾሙ እንዲህ ሆኖ ካለፈ ከፋሲካ በኋላ ቤቱን አስረክባ ባሕር ዳር ወንድሟ ጋ እንደምትገባ ነግራኛለች። ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ ሽንኩርቷን እየከተፈች ነው የነገረችኝ። ቤቱን ሊከራይ የመጣው ሰው ሥጋ ቤት ነው የሚያደርገው። እንግዲህ እኔና አንተ በጾም የት እንደምንቀመጥ አስብበት።

አሁን የምጽፍልህን አንብበህ እሳት ውስጥ ጨምረው። ሽሮው ላይ ያለው ቅቤ አይደለም። የኑግ ዘይቱን ልክ ቅቤ እንደሚነጠር በኮሰረትና በኮረሪማ ታነጥረዋለች። አንተ የቅቤ ሽታ የምትለው የኮሰረቱ ሽታ ነው። ዘይቱንም ኮሰረቱንም የምመዝንላት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። "ተናገሪና ተገላገይ" ብላት አሻፈረኝ አለች። አጠገቧ ሁለት ምግብ ቤት ተከፍቷል፤ ዘዴዋን ካወቁ ምን ይቀራታል? "ጋሽ ከማል፣ እንዳይናገሩ ምለውልኛል" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ምዬላት ነበር። ይኸው ባንተ የተነሳ በረመዳን መሐላ አፈረስኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አንተ ግን ዕዳ አለብህ።

ትናንት አንድም ሰው ሳይመጣ ዋለ። ሙሉ ድስት ሽሮ ውጭ አደረ። የዚህን አገር ብርድ ታውቀዋለህ፤ ጠዋት እጄን ከጋቢ ማውጣት አቅቶኝ ነበር። ስደርስ ለጎረቤት ላም ልትሰጠው ስትገለብጠው አየኋት። ዘይቱ ከላዩ እንደ ማታው ኩልል እያለ ፈሰሰ። ያ ሁሉ ልፋት ለላም። አንጀቴን በላችው።

ተናድጄብህ ነበር፤ አሁን ቀዝቅዣለሁ። አንተ ክፋት አታውቅም፤ ችግርህ ወሬ ማሳመር ነው።

ከማል

———

ወንዛዬ፣ መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከማል ወንድሜ፣

ምነው አፌን በቆረጠው! ደብዳቤህን ይዤ ከግራር ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። ያቺን ሴት ያጠፋኋት ስወዳት ነው። ሽሮዋን ለማወደስ ስል ጾሟን አስካድኳት። እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም አይደለም። እዚህ መጥቶ ሰው ሁሉ ሕመሙን ትቶ ሲሄድ እኔ ይዤ የመጣሁትን መርዝ ላኩላት።

ወዲያው ልነሳ ልብሴን ሸከፍኩ። ደግሞ ተመልሼ ተቀመጥኩ። መጥቼስ ምን እላለሁ? "ቀልዴን ነው" ብል ማን ይሰማኛል፤ ወዳጇ ስለሆነ ሊያድናት ነው ይላሉ። ያመኑት እኔን ብቻ አይደለም፣ ወይዘሮ ብዙነሽንም ነው። ስለዚህ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

ገላቸውን ታጥበው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። አትቆጣ፤ የኮሰረቱ ቦታ ላይ አውራ ጣቴን አድርጌ ዘልዬዋለሁ። እሳቸው ፊደል አይለዩም፤ ግን ጣቴን ባላደርግ የሚያዩብኝ መስሎኝ ፈራሁ። ወሬው እዚያ እንዴት እንደደረሰ ሳነብላቸው ፊታቸው አልተለወጠም። ሽሮው ለላም ተገለበጠ የሚለው ጋ ስደርስ ግን እጄን ያዙኝ።

"ድገመው" አሉኝ።

ደገምኩት።

"ውጭ ነው ያደረ?"

"ውጭ ነው።"

"በደብረ ታቦር ብርድ? ጠዋት ፈሰሰ? ከላዩ አልረጋም?"

"ፈሰሰ ነው የሚለው።"

እጄን ለቀቁኝና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። "ቅቤ ቢሆንማ በዚያ ብርድ ነጭ ሆኖ ይረጋ ነበር። ድስቱን ብትገለብጠው እንኳ አይወርድላትም" አሉ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ "አንተ ያልቀመስከውን ቅቤ ቀመስኩ አልክ፤ እኔም ያላየሁትን አየሁ አልኩ። እኔና አንተ ስንጾም የከረምነው ምኑን ነው?" አሉኝ። ተማሪ ሆኜም እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ጓዛቸውን አስጭነው ሄዱ። ወዴት ቢሏቸው "ወደ ደብረ ታቦር" ብለዋል አሉ። ለምን እንደሆነ ለእኔ አልነገሩኝም።

ለፈንታነሽ ይህን አንብብላት፦ "ፈንታነሽ፣ ስምሽን ያጠፋሁት እኔ አያሌው ነኝ። ሳላስበው ነው፤ ማጥፋቴ ግን አልቀረም። ቤትሽ ከተዘጋ የዘጋሁት እኔ ነኝ። እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልልሽ እመጣለሁ። ባታስገቢኝም አልፈርድብሽም።" እንዳለ አንብብላት፤ አንተ እንዳታሳምረው።

አያሌው

———

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

አያሌው፣

ዒድን ልጄ ነጅሚያ ጋ ኮምቦልቻ ላሳልፍ ነገ እነሳለሁ፤ ዕቃም እገዛለሁ። ስለዚህ ይህን ቶሎ ልጻፍልህ።

ሴትዮህ መጡ። ቅዳሜ፣ ገበያው በሞላበት ቀን፣ ሰው እያየ ፈንታነሽ ቤት ገቡ። ስማቸውን ሲናገሩ በረንዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ስማቸው ከእሳቸው ቀድሞ ደርሷላ። እኔ ከሱቄ ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሽሮ አዘዙ። ፈንታነሽ ራሷ አቀረበችላቸው። ማን እንደሆኑ አውቃለች።

አልበሉም። ሸክላውን ይዘው ወጡና በረንዳው ጥላ ላይ አስቀምጠው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ሰው ተሰበሰበ። "ምን እየጠበቁ ነው?" ሲሏቸው "እስኪቀዘቅዝ" አሉ። ያን ቀን ደግሞ ከጉና የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይሰብር ነበር። ሻይ ቤቱም ልብስ ሰፊውም ሥራውን ትቶ መጣ። ሲቀዘቅዝ ጣታቸውን ከላዩ ነክረው በሁለት ጣት አሻሹት፤ አሸተቱት፤ ለአጠገባቸው ሰው እጁን አስነክረው "ረጋብህ?" አሉት። "ኧረ አልረጋም" አለ። ሌላውም ነከረ። ከዚያ አማተቡና ያን የቀዘቀዘ ሽሮ እስከ መጨረሻው በሉት። ሲጨርሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ስንት ዘመን ቅቤ ሸጫለሁ። ይሄ ቅቤ ከሆነ እኔ ነጋዴ አይደለሁም። የሰማሁትን ሳላይ የተናገርኩት እኔ ብዙነሽ ነኝ" አሉ።

ሽታው ከምን እንደመጣ አልጠየቁም። ሲወጡ ብቻ አጠገቤ ቆም ብለው ሱቄን አዩና "ኮሰረትህ ጥሩ ነው" አሉኝ። ክው አልኩ። ለማንም ግን አልተናገሩም።

ከሰኞ ጀምሮ ሰው እየተመለሰ ነው። ሁሉም አይደለም፤ አንዳንዱ አፍሮ ነው የቀረው፣ አንዳንዱ እስካሁን ይጠረጥራል። ግን ትናንት ወንበር አልነበረም። ሊከራይ የመጣውንም ሰውዬ "ቤቱ አልተለቀቀም" ብላ ሸኝታዋለች።

የላክኸውን ቃል እንዳለ አነበብኩላት። ምጣዷን እየወለወለች ሰማችኝ። ሳልጨርስ "ይቅር" አለች። "እግርሽ ላይ ወድቄ" የሚለው ላይ ስደርስ "ጉልበታቸውን የታጠቡት እዚህ መጥተው እንዲያማቸው ነው?" አለች። ከዚያ እንዲህ ብላሃለች፦ "ሲመጡ ገብተው ይብሉ፤ ወንበራቸው አለ። ግን ስለ ሽሮዬ አንድ ጥሩ ቃል ቢናገሩ አስወጣቸዋለሁ።"

አስተማሪነትህን ስለማውቅ እንጃልህ።

ከማል

———

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ከማል፣

ዒድ ሙባረክ፤ ዘግይቶም ቢሆን። ነጅሚያንና የልጅ ልጆችህን ሳምልኝ። ነጅሚያ ስልክ ግዛ ብላ የላከችው መልእክት ደርሶኛል፤ እገዛለሁ። ይህን ግን በስልክ ብነግርህ በሳቅ ታቋርጠኛለህ ብዬ በወረቀት አደረግሁት።

ጉልበቴ ደህና ነው፤ የኢየሱስን ዳገት ያለ ምርኩዝ ወጥቼዋለሁ። ፈንታነሽ ቤት ግን ከመጣሁ ጀምሮ በበሩ እያለፍኩ ሦስት ቀን ፈራሁ። በአራተኛው ቀን እሷው አየችኝና "ጋሽ አያሌው፣ መንገዱን ሊለኩት ነው?" አለችኝ። ገባሁ። ልጎነበስ ስል በትከሻዬ ይዛ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችኝ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በጭሱ አሳበብኩ።

ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ አወቀኝ፤ ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ። ጎረስኩ። ዝም አልኩ። ከማል፣ ዝም ማለት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሁለተኛ እንጀራ አስጨመርኩና አሁንም ዝም አልኩ።

በዚህ መሃል ከባሕር ዳር ጋፋትን ሊያዩ የመጡ ባልና ሚስት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ "አባት፣ የዚህ ቤት ሽሮ እንዴት ነው?" አለኝ።

ከማል፣ ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሾፌሩ ዓለምነው ጥግ ላይ ጉርሻውን አፉ ደጃፍ ላይ እንደያዘ ቀረ። ፈንታነሽ ከጓዳ በር ላይ ጭልፋዋን ይዛ ቆማ ታየኛለች። ጥሩ ነው ብል መባረሬ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ እንግዳው ነውር አለበት ብሎ ይነሳል።

"ጨው ትንሽ አነሰው" አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው ፈንታነሽ ናት። ጭልፋዋን እንደያዘች በሩን ተደግፋ፣ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ሳቀች። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ተከተላት። እንግዶቹ ምኑም አልገባቸውም፤ ብቻ አብረው ሳቁ፣ ሽሮም አዘዙ። እሷ ጨው በብርጭቆ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና "ይኸው ጨውዎ፣ ጋሽ አያሌው" አለች። አሁን በገባሁ ቁጥር ሳልጠይቅ ይቀርብልኛል። ሰውም "መምህር፣ ዛሬስ?" ይለኛል፤ "አሁንም አነሰው" እላለሁ።

ዕቃህን ቶሎ ገዝተህ ና። ፋሲካ ከገባ ሃምሳውን ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ አንተም ወደ ቤትህ፣ እኔም ወደ ሥጋዬ ነን። እስከዚያ የቀሩንን ቀኖች ብቻዬን እንድጨርሳቸው አታድርገኝ። ወንበርህን ይዤልሃለሁ፤ ትናንት አንድ የባንክ ሰው ሊቀመጥበት ሲል ከለከልኩት።

ላንተ ብቻ የምነግርህ አንድ ነገር አለ። ለማንም እንዳትናገር፤ ከእሷም ጆሮ እንዳይደርስ። ጨው አላነሰውም ነበር። አንብበህ እሳት ውስጥ ጨምረው።

አያሌው